ወንበር በወንበር

«ወንድሜ፣ ተራዬን ትይዝልኛለህ? የምደውልለት ሰው አለኝ» አለችው።

ሙከሚል ዞር አለ። ሰማያዊ ሒጃብ የለበሰች፣ ትልቅ ቦርሳ በአንድ ትከሻዋ ያንጠለጠለች ልጅ ከኋላው ቆማለች። ዩኒቨርሲቲው ቂሊንጦ ሜዳው ላይ ስለተሠራ የጠዋቱ ነፋስ አይጣል ነው፤ አቧራው ሽፋሽፍቷ ላይ ሳይቀር አርፏል። ቆንጆ መሆኗን ያስተዋለው በኋላ ነው። መጀመሪያ ያሰበው «ይቺ ልጅ ስትበሳጭ እንኳ የምትስቅ ትመስላለች» ብሎ ነበር።

«ሂጂ፣ እይዝልሻለሁ» አላት።

ትንሽ ራቅ ብላ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ደቀነች። ወዲያው ሙከሚል ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አነሳው።

«ሄሎ፣ የት ደረስክ? እኔ ሬጅስትራሩ በር ላይ ሰልፍ ይዣለሁ» የሚለው ድምፅ በአንድ ጆሮው ከስልኩ፣ በሌላው ጆሮው ከኋላው ገባ።

ዞሮ አያት። እሷም አየችው።

«ኤፍኤስአሩ አንተ ነህ እንዴ?» አለችው ስልኳን ሳታወርድ።

የቴሌግራም ፎቶው የአባቱ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ነበር። የሷ ደግሞ አበባ። በጽሑፍ ሲነጋገሩ የሰነበቱት መኪናና አበባ ሆነው ነው።

«እኔ ነኝ። አንቺ ተቅዋ?»

«ተቅዋ ነኝ። እኔ እኮ ጺማም ሹፌር ነበር የጠበቅኩት» ብላ ሳቀች።

ያገናኛቸው ጉዳይ ፍቅር አልነበረም። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ተማሪው በውጤቱ ዲፓርትመንት ይደለደላል። ድልድሉ ያልጣመው ሰው ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ተቀያያሪ መፈለግ። ተማሪዎቹ «ወንበር በወንበር» ይሉታል። አንዱ ያንዱን ቦታ ይወስዳል፣ ሁለቱም አብረው ቀርበው ይፈርማሉ፣ አለቀ። በዚያ ሰሞን የተማሪዎቹ ቴሌግራም ግሩፕ የደላላ መንደር ይመስላል። ሙከሚል «ከአርክቴክቸር ወደ ሶፍትዌር፣ ተቀያያሪ ካለ በውስጥ መስመር» ብሎ ለጠፈ። ሶፍትዌር ደርሷት እንቅልፍ ያጣችው ተቅዋ ለጥፎ ሳይጨርስ «እኔ አለሁ፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ» ብላ ጻፈችለት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው ሰልፉ እየተጎተተ ሳለ። «ሰው የሚመኘውን ዲፓርትመንት ለምን ትለቃለህ? ክፉ ነገር ካለው ሳልፈርም ንገረኝ።»

እዚህ ላይ እውነቱን ቢነግራት ኖሮ ይሄ ታሪክ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። እውነቱማ፣ ሙከሚል ከልጅነቱ ጀምሮ ቤት ሲስል ነው ያደገው። አቃቂ የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያሉትን የድንጋይ ቤቶች ያልሳለበት ወረቀት አልነበረም። አርክቴክቸር ሲደርሰው እህቱን ሀኪማን አቅፎ ግቢውን ዞሯል።

አባቱ አቶ ከማለዲን ግን በዚያው ምሽት ራት ላይ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ህንፃ የሚስለው በዛ፣ የሚያስጨርሰው ጠፋ» አሉት። «እኔ ሲሚንቶ ጭኜ በየቀኑ የማልፈው ብረቱ እንደገጠጠ ቆሞ በቀረ ህንፃ መሀል ነው። ኮምፒውተሩን ብትይዝ አይሻልም?»

ሙከሚል አባቱን ይወድ ነበር፤ ከወሎ ባዶ እጃቸውን መጥተው በመኪና ጭነት ቤት ያቆሙ ሰው ናቸው። «እሺ አባዬ» አለ። ክርክር የለ፣ ልመና የለ። እና አሁን ለዚች ሳቂታ ልጅ «አባቴ ተወው ስላለኝ ነው» ለማለት አፈረ።

«ስዕል አልወድም» አላት።

«ተመስገን» አለች ደረቷን ይዛ። «እኔ ደግሞ ነፍሴ ነው።»

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ አስቴር የሚባሉ ሠራተኛ ከመነጽራቸው በላይ አዩአቸው። «ስሙ ልጆች፣ በኋላ ተሳሳትን ብትሉ መመለስ የሚቻለው ሁለታችሁም አብራችሁ ስትመጡ ነው። አንዱ ብቻውን መጥቶ ቢያለቅስብኝ አልሰማውም።»

ሁለቱም ሳቁና ፈረሙ።

በማግስቱ ሙከሚል የስዕል ሰሌዳውንና ረጅሙን ማስመሪያ አምጥቶ ሰጣት። አርክቴክቸር ሲደርሰው የገዛቸው፣ ገና አዲስ ነበሩ። ሰሌዳውን በመዳፏ እየዳበሰች፣ «አላመሰግንህም ግን» አለችው። «እናቴ ምስጋና ለእንግዳ ነው ትላለች። እኛ ወንበር የተቀያየርን ሰዎች እንግዳ አንባባልም።»

*

ሶፍትዌር ለሙከሚል እንግዳ አገር ሆነበት። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይጽፋል፣ ይሳሳቃል፣ እሱ ብቻ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ቀይ መስመር አፍጥጦ ያያል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እሱ ግን ወርቁ ወርቅ መሆኑን እያወቀ ነው አሳልፎ የሰጠው። መጽናኛው ከትምህርት መልስ ተቅዋን ማየት ብቻ ነበር።

የሷ ቤተሰብ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፣ የሱ አቃቂ። ቱሉ ዲምቱ አደባባዩ አጠገብ አንዲት ጁስ ቤት ነበረች፤ እዚያ ተቀምጠው ሥራዋን ትዘረጋለታለች። አንድ ቀን የራሳቸውን ቤት ፕላን ይዛ መጣች።

«እናቴ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርታ ነው የምታበስለው። የኩሽናው መስኮት ደረጃውን ነው የሚያየው። ለፕሮጀክቴ ይሄን ላስተካክል ፈልጌ አቃተኝ።»

ሙከሚል እርሳሱን ከእጇ ወሰደና አንዲት ግድግዳ ገፋ አደረጋት። መስኮቱ ወደ ውጭ ዞረ። ለራሱም ሳይታወቀው በረንዳውን አሳጠረ፣ በሩን አዛወረ፣ ጥላውን ሳይቀር በእርሳሱ ጎን ቀባ። ቀና ሲል ተቅዋ ወረቀቱን ትታ እሱን እያየች ነበር።

«ስዕል አልወድም ያልከው ሰውዬ፣ እጅህ ግን ይወዳል» አለችው።

«እጄ ከእኔ ጋር አይመካከርም።»

ሳቀች። ያን ጊዜ ትንሽ ብትጨቀጭቀው ኖሮ ይነግራት ነበር። አልጨቀጨቀችውም። ደስተኛ ሰው የሌላውን ፊት አንብቦ አይጨርስም፤ ጥፋት አይባልም፣ ግን እንደዚያ ነው።

በበልጉ አንድ ከሰዓት ዝናብ ያዛቸውና ሳይጨረስ ከቆመ ህንፃ ሥር ተጠለሉ። ተቅዋ ሒጃቧን እያራገፈች ወደ ላይ ወደ ምሰሶው፣ ወደ ብረቱ ስታይ ቆየችና በራሷ ሐሳብ እንደተዋጠች፣ «ሙክ፣ ቤት ስንሠራ ኩሽናው በምሥራቅ በኩል ይሁን፣ የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኝ» አለች።

ሙከሚል ዞሮ አያት። «ስንሠራ?»

ፊቷ ቀላ። «ስንሠራ ነው ያልኩት። ሰምተኸኛል።»

«አልሰማሁም፣ ድገሚው።»

«አልደግምም። አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ።»

«እሺ... በምሥራቅ በኩል ይሁን» አላት።

የፍቅራቸው አጀማመር ይሄው ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያግዳቸው ነገር አልነበረም። ሁለቱም ወሎዬ፣ ሁለቱም እስላም፣ አባቶቻቸው አቃቂ ገበያ ላይ ሲተያዩ ሰላምታ የሚለዋወጡ። ሀኪማ እንኳ ገና ሳታያት «ምራታችን እንዴት ናት?» እያለች ትጠይቀው ነበር። ሰው ሲዋደድ ቤተሰብ ወይ ሃይማኖት ወይ ገንዘብ ይለያየዋል ሲባል ነው የምንሰማው። እነዚህን ሊለያያቸው የሚመጣው ከየት እንደሆነ ማን ይጠረጥራል?

አባቱ፣ «ኮምፒውተሩ እንዴት ነው ልጄ?» ይሉታል።

«ደህና ነው አባዬ።»

ተቅዋም ትጠይቀዋለች። «ትምህርት እንዴት ነው ሙክ?»

«ደህና ነው።»

«ደህና ነው» የምትባለዋ ቃል ስንቱን ቤት እንዳፈረሰች የሚቆጥር የለም። ሙከሚል ፈተና በወደቀ ቁጥር ያቺን ቃል ይበልጥ ለስለስ አድርጎ ይላት ነበር።

ተቅዋ የኩሽናውን ፕሮጀክት ያቀረበች ቀን ጠርታው ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ። አስተማሪዋ ሰሌዳውን ለክፍሉ ሁሉ አዙሮ አሳየና፣ «ይሄ ሥራ ሰው ይታይበታል» አለ። ተማሪው አጨበጨበ። ሙከሚል እጁ እስኪግል አጨበጨበ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ሲሆን «ያ ወንበር የኔ ነበር» አለ በልቡ። ወዲያው ደነገጠ። በሚወዳት ልጅ ደስታ መቅናት ምን ዓይነት ውርደት ነው? እየሮጠች መጥታ «አየኸኝ?» ስትለው «አየሁሽ» አላት። ያን ቀን ግን በሚኒባስ አብሯት አልሄደም፤ ራሴን አሞኛል ብሎ በእግሩ ሄደ።

*

የዓመቱ ውጤት ሲወጣ ሙከሚል መጨረሻው ላይ ነበር። መባረሩ ነው። ሆኖም አንድ ቀዳዳ ነበረች፤ እስከ ዓርብ ወደ ድሮው ዲፓርትመንቱ ከተመለሰ ውጤቱ ይሠረዝለትና እዚያ እንደ አዲስ ይጀምራል። ለዚህ ግን ተቅዋ ወንበሩን መልቀቅና ወደማትወደው ሶፍትዌር መመለስ አለባት።

«ጠይቃታ» አለችው ሀኪማ። ከእሷ በቀር ለማንም አልነገረም።

«ሞቼ እገኛለሁ።»

«ሙክ፣ አንተን ብታጣ ነው ወይስ ዲፓርትመንቱን ብታጣ ነው የሚሻላት?»

«እሱን አልፈልግም። መልሱን መስማት አልፈልግም።»

ሀኪማ ታናሽ ወንድሟን አየችው። በማግስቱ ሐሙስ፣ ሳትነግረው ቱሉ ዲምቱ ወርዳ ተቅዋን አገኘቻት። ልጅነቱን፣ የድንጋይ ቤቶቹን፣ የአባቱን ጥያቄና የሱን «እሺ»፣ ሁሉንም ነገረቻት።

ተቅዋ በባጃጅ ከንፋ አቃቂ መጣች። ሙከሚልን የአባቱ መኪና ግራሶ የሚቀባበት ጋራዥ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

ገባው። «ሀኪማ ነገረችሽ።»

«ለምን ዋሸኸኝ ነው የምልህ? ስዕል አልወድም አልከኝ። እኔ የማይፈለግ ነገር የወሰድኩ መስሎኝ እኮ ነው የኖርኩት። ፊትህ ቁጭ ብዬ ስደሰት፣ ስፍነከነክ... ምን እያልክ ነበር የምታየኝ?»

«እወድሻለሁ እያልኩ።»

«እሱን ብቻ?»

ለዓመት የዋጠው ነገር ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

«ብጠይቅሽ ኖሮ ትመልሺልኝ ነበር?»

ተቅዋ አፏን ከፈተች። ቃል አልወጣም። ወደ ጋራዡ አየች፣ ወደ መሬቱ አየች፣ የቦርሳዋን ማንገቻ አጥብቃ ያዘች። አዎ ማለት ትችል ነበር፤ ውሸት ግን አታውቅበትም። ያ ዝምታ ረጅም አልነበረም። ለሙከሚል ግን በቃው።

«ነገ ጠዋት ሬጅስትራሩ ጋ እንገናኝ» አለችው በመጨረሻ። «እፈርምልሃለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ቀድማው ነው የደረሰችው። የስዕል ሰሌዳውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች። አይኗ አብጧል።

«ወልውዬዋለሁ» አለችው ሰሌዳውን እያሳየች።

ሰልፉ ውስጥ አላወሩም። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ አስቴር አወቋቸው። «ተመለሳችሁ?» አሉና ወረቀቱን ገፋ አደረጉላቸው።

ተቅዋ ፈረመች። ስማቸውን እንደሚጽፉ ሕፃናት ፊደሉን አንድ በአንድ፣ በጣም ቀስ ብላ ነበር የጻፈችው። እስክሪብቶውን ሰጠችው።

ሙከሚል ወረቀቱን አየ። ወንበሩ እዚያው ነው፣ አንዲት ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ቀና ብሎ ተቅዋን አያት። እሷ ፌስታሉን ነው የምታየው። «ፈርም በይኝ» አለ በልቡ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከልብሽ ፈርም በይኝ።»

ምንም አላለችም።

እስክሪብቶውን አስቀመጠው። «ይቅር። እኔ አልፈልግም።»

«ልጄ፣ ዛሬ መጨረሻው ነው» አሉ ወይዘሮ አስቴር። «እሷ ፈርማለች እኮ። አስብበት።»

«አስቤበታለሁ።»

ተቅዋ እንድትቆጣው ጠበቀ። እጁን ይዛ «አትቀልድ፣ ፈርም» እንድትለው ጠበቀ። እሷ ግን ትንፋሿን ለቀቀች፤ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ የኮንዶሚኒየም ደረጃ የወጣ ሰው በሩ ላይ ሲያወርደው እንደሚተነፍሰው ዓይነት። ትንፋሹ ሳታዘው ነው የወጣው። ከዚያ አይኗ በእንባ ሞልቶ አየችው።

«አመሰግናለሁ» አለችው።

ምስጋና ለእንግዳ ነው። ቃሏን ራሷ ረስታዋለች፤ እሱ ግን አልረሳም። ወንበሩን ያጣው መጀመሪያ የፈረመ ቀን ነው፤ ተቅዋን ያጣት እዚያ መስኮት ጋ ነው።

*

ወዲያው አልተለያዩም። ጥቂት ወራት ሞከሩት። ተቅዋ ትደውልለታለች፣ ጁስ እሷ ትጋብዘዋለች፣ ስለ ትምህርት ሲነሳ ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። አንድ የዲዛይን ውድድር ማሸነፏን ከሌላ ሰው ነው የሰማው። ስትስቅ አፏን መያዝ ጀመረች። ሙከሚል ያቺን በብስጭት ውስጥ እንኳ የምትስቅ የምትመስለውን ልጅ ፈልጎ አጣት።

አንድ ቀን አደባባዩ ላይ ታክሲ ሲጠብቁ፣ «እንነጋገር ሙክ» አለችው።

«እንነጋገር።»

«አንተን ሳይ ደስታዬ ያሳፍረኛል። ክፍል ውስጥ ደስ ብሎኝ ውዬ፣ ስልኬ ላይ ስምህን ሳይ ልቤ ይወርዳል። እንዲህ ሆኜ እስከ መቼ እችላለሁ?»

እሱም ከዚያ ወዲያ አልዋሸም። ዘግይቶ ቢሆንም አልዋሸም።

«እኔም አንቺን ሳይ ወንበሬን ነው የማየው» አላት። «እወድሻለሁ። ግን መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ነው።»

ተቅዋ አለቀሰች። እሱም አይኑን በእጅጌው ጠረገ። ረዳቱ «አቃቂ፣ አቃቂ» እያለ ሲጣራ ሙከሚል ገባ፤ እሷ የምትሄደው በሌላው በኩል ነበር።

አባቱ ነገሩን ሁሉ የሰሙት እሱ ከዩኒቨርሲቲው ተባርሮ በጭነት መኪናው አብሯቸው መንገድ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው። ሞጆን እስኪያልፉ ድረስ አይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ነዱ።

«እኔ እኮ ግድ አላልኩህም» አሉት ድምፃቸው ተሰብሮ። «ጠየቅኩህ እንጂ። አይሆንም ብትለኝ... ልጄ፣ አይሆንም ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ሙከሚል ለአባቱ አይሆንም አላለም፣ ለተቅዋ እውነቱን አላለም፣ አፍ እያለው። አባቱን ደግሞ በዚህ እድሜያቸው ማሳዘን አልፈለገም። «አላህ ያለው ነው አባዬ» አለና ወደ መንገዱ አየ።

ዛሬ ኤፍኤስአሩን የሚነዳው እሱ ነው። ባለፈው ሐምሌ ሲሚንቶ ጭኖ ሲመለስ፣ ዱከም ቆሞ ጎማ እያስነፋ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን ካጠፋው ቆይቷል፤ ግን በቃሉ ያውቀዋል።

«ሙክ... ተቅዋ ነኝ። ተመረቅኩ።»

«መብሩክ» አላት። ደስ አለው፤ አመመውም። ሁለቱም እኩል ነበሩ።

«ሌላም ነገር አለ። ሽማግሌ ተልኮ አባቴ እሺ ብለዋል። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

ሙከሚል በመኪናው በር ተደገፈ። «አላህ ይባርክላችሁ።»

«አሚን።» ስልኩን ግን አልዘጋችም። ሌላ የምትለው ነገር እንዳላት ገባው። «ሰሌዳህ አሁንም እኔ ጋ ነው። እስከ መጨረሻው በሱ ነው የሠራሁት። ልመልስልህ?»

ከሩቅ፣ ከመስኩ ወዲያ፣ አንድ ሳይጨረስ የቆመ ህንፃ ይታያል። የትኛው ፎቁ ላይ የጠዋት ፀሐይ እንደሚገባ ሳያስበው አይኑ መፈለግ ጀምሮ ነበር።

«ያዢው» አላት። «እኔ እንደሆንኩ ስዕል አልወድም።»

ሁለቱም ውሸቱን ያውቁታል። ሲቃዋ በስልኩ ውስጥ ተሰማው። ያቺን ቃል ልትለው ነው ብሎ አይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። አላመሰገነችውም።

«ስትነዳ ቀስ በል፣ እሺ?» ብላ ዘጋችው።

ሙከሚል የጎማውን ሒሳብ ከፈለና ሞተሩን አስነሳ። የጫነው ሲሚንቶ ቱሉ ዲምቱ ይጠበቃል።